የህንድ ቁስ አካላውያን በጂንካ

ጂንካ ውስጥ ስነ ዜጋ በማስተምርበት ዘመን፣ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ዓይነ ስውር ባልደረባ ነበረኝ። ካኮ ከተማ አጠገብ የተወለደ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ሩቅ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። ሁለታችንም በክረምት ፕሮግራም ፍልስፍና ለሁለተኛ ዲግሪ እንማር ስለነበር፣ በበጋው የቤት ሥራችንን አብረን እንሠራለን። እኔ ሞጁሉን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ በብሬይል እየበሳ ይጽፋል።

አንድ ዓመት የጥንት ህንድ ቁስ አካላውያን ደረሱን። ዓለም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ የተሠራች ናት፤ ነፍስ የምንለውም ከእነዚሁ ቅልቅል የሚገኝ ነው፤ ሰው ሲሞት አብሮት ያበቃል ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ጫጫታ በመስኮት ይገባል። እንግሊዝኛውን እያየሁ ወደ አማርኛ እተረጉምለት ነበርና፣ እነሱ የሚያምኑት በዓይን የታየውን ብቻ ነው አልኩት። እጁ ቆመ።

"በዓይን ይላል?" አለኝ።

መለስ ብዬ ጽሑፉን አየሁት። አይልም። በአምስቱም የስሜት ህዋሳት የተገኘ እውቀት ነው የሚለው።

"እንግዲያ እኔንም ይመለከታል" ብሎ ሳቀ።

ጭስ ስላየን ብቻ እሳት አለ ብለን መደምደም አንችልም ወደሚለው ክርክራቸው ስንደርስ፣ እኔ ቀልድ አድርጌው ላልፍ ነበር። እሱ አስቆመኝ። ቀኑን ሙሉ ከድምፅና ከሽታ እየተነሳ ሲደመድም እንደሚውል፣ ብዙ ጊዜም እንደሚሳሳት አጫወተኝ፤ ባጃጅ መጣ ብሎ ቆሞ የጠበቀው የጎረቤት ወፍጮ ሆኖ ያውቃል። በጣም የገረመው ግን የራሳቸው መጻሕፍት ጠፍተው፣ ሐሳባቸው በአመዛኙ የተረፈው በተቃዋሚዎቻቸው ጽሑፍ ውስጥ መሆኑ ነው።

የወደደውን ነገር መደበቅ አያውቅበትም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ እነሱ አወራ፤ ወሬው ተጣሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ነፍስ የለችም እያለ ያስተምራል ተባለና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩት። አብሬው ሄድኩ።

በቁጣ አልተቀበሉንም። ምን እንደሚያነብ ጠየቁት፤ እሱም ምንም ሳያለሳልስ፣ እንዲያውም ከሞጁሉ አጠንክሮ ክርክሩን በሙሉ አቀረበላቸው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ታዲያ አንተ ታምንበታለህ ወይ አሉት።

"አላምንበትም። እኔም ከተቃዋሚዎቻቸው አንዱ ነኝ" አለ። "ግን የሚናገርላቸው መጽሐፍ የላቸውም። እኔ ደግሞ አሳንሼ ካወራኋቸው ምን ይቀርላቸዋል?"

በዚያው ዓመት ባለቤታቸውን የቀበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የሞተበትን ሰው ምን ብለው ነበር የሚያጽናኑት?" አሉት።

"አላውቅም አባቴ። ያነበብነው ጽሑፍ ያንን አይናገርም።"

ለማሳመር ያህል እንኳ አንድ ቃል አልጨመረበትም። እኔ አፌ ላይ ስንት ነገር መጥቶልኝ ነበር። አዛውንቱ፣ በደንብ ተማሩ አሉን፤ ጸልየውም አሰናበቱን።

በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉን በእነዚያ የህንድ ቁስ አካላውያን ላይ ሠራ። አሁን ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ያስተምራል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከአውቶቡስ ወርጄ እሱ ዘንድ አድራለሁ፤ ስንከራከር ይመሻል።