ቀይዋ ዶቃ የወጣችበት ሸምበቆ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ልደት ስናከብር ልጄ አስማተኛ ቀጥራ አመጣች። የሚያብረቀርቅ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ነው። መሀረብ አጠፋ፣ ከልጆቹ ጆሮ ሥር ከረሜላ አወጣ፤ እነሱም እኔም እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። በመጨረሻ ክር የተንጠለጠለባቸው ሁለት ዘንጎች ከሻንጣው ሲያወጣ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው ገና ምንም አላደረገም። “እማዬ፣ አታሳፍሪው” ብላ ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሳቄን ዋጥኩ፤ ልቤ ግን አሰበ ተፈሪ፣ የአባቴ የቡና መጋዘን ግቢ ደርሶ ነበር። ከተማዋ ዛሬ ጭሮ ነው የምትባለው፤ ለእኔ አፍ ግን የድሮው ይቀናዋል።

ጊዜው በአምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው በቡና ንግድ የተቋቋሙ ሰው ናቸው። ጥቅምት ሲገባ ከበደሳና ከመቻራ የሚመጡት የጭነት መኪኖች መንደሩን አቧራ ያለብሱታል፤ ግቢያችን በጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ በደረቀ ቡና፣ ይሞላል። አባቴ ቡና ሲገዙ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸውን ያምናሉ። ጀንፈሉን በእፍኛቸው ዘግነው ጆሯቸው ሥር ያንኮሻኩሹታል። ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል፤ ዝም ካለ እርጥብ ነው፣ ገበሬው ይዞት ይመለሳል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የተጠበሰ የማሽላ እሸት እየፈለፈልኩ አጠገባቸው ቆሜ አንኮሻኩሻለሁ። “ይቺ ጆሮዋን ከእኔ ወስዳለች” ይሉ ነበር።

ግቢያችን ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ሞሚና ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ወላጆቿ በደሳ ስለሆኑ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች፣ ትርፍ ጊዜ ስታገኝ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አማርኛዋን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ታጭታለች። ቅዳሜ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች መጥተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። ስለ እሱ ማውራት ከጀመረች ጠጠሩንም ከጥሩው ቡና ጋር ትደባልቀው ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የአንድ ጸሐፊ ሚስት የወርቅ ጉትቻቸው ጠፋ። የቤቱን ልብስ የምታጥበው ሞሚና ናት። ሌላ ማስረጃ የለም፤ የጠየቀም አልነበረም። ሌባ የሚያስይዘው ሌባ ሻይ ቀርቷል በሚባልበት ዘመን፣ እትዬ ጥሩነሽ ሚኤሶ ላይ ከባቡር የወረደ አንድ አዋቂ አገኙ። ሰውየው አርብ ዕለት ቤታቸው ምሳውን ጥግብ ብሎ በልቶ ከእሳቸው ጋር ግቢያችን መጣ።

ክንድ የሚያህሉ ሁለት ሸምበቆዎች ይዟል። ከአንዱ ጫፍ ነጭ ዶቃ፣ ከሌላው ቀይ ዶቃ በክር ተንጠልጥሏል። የተጠረጠረው ሰው ነጯን ወደ ታች ይስባል። ንጹሕ ከሆነ ቀይዋ ባለችበት ትቀራለች፤ ሌባ ከሆነ ወደ ላይ ትወጣለች። ለቃሚዎቹ በየተራ ሳቡ፤ ቀይዋ ንቅንቅ አላለችም። ሞሚና ስትስብ ሽቅብ ሄዳ ሸምበቆው ላይ ልጥፍ አለች። ክሩ በውስጥ ተያይዟል እንዳይባል ሰውየው ሸምበቆዎቹን ለያይቶ በመሀላቸው እጁን አሳለፈ። ደግማ ሳበች፤ ደግማ ወጣች።

“ወላሂ አልነካሁም” አለች ሞሚና። ፊቷ አመድ መስሏል። የሚሰማት አልነበረም፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሰፌዳቸውን ሳይቀር ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

አባቴ ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ሐጂ ኡመርን አስጠሩ። ሐጂም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አትቸኩሉ አሉ። ምክሩ ደግ ነው፤ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ግን የሚመጡት በማግስቱ ነው። ሌባ የተባለች ልጅ ማን ይወስዳል? ለእንግዶቹ ሆጃ፣ የቡና ገለባ ከወተት ጋር የፈላበት፣ እየቀዳሁ በልቤ ሸምበቆውን እፈታ ጀመር። ክሮቹ አይገናኙም። ነፋስ የለም። ጣቱም ዶቃዋን አልነካም። ታዲያ ቀይዋ ማንን ሰምታ ነው የምትወጣው?

ሰውየው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ሸምበቆዎቹን ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ አነሳኋቸው። የቀይዋን ጫፍ ቀና ሳደርግ ውስጡ አንድ ነገር ሸርተት ብሎ ቋ አለ፤ ዶቃዋም ማንም ሳይስባት ሽቅብ ወጣች። ጆሮዬ ሥር አስጠግቼ እንደ ጀንፈል አንኮሻኮሽኩት። ፍሬ አለው። ከባድ ነው፣ ልቅ ነው፣ ክሩም የታሰረው እሱ ላይ ነው። ጫፉ ቀና ሲል ፍሬው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ክሩን ይስባል። ሰውየው ለመረጠው ሰው እጁን ትንሽ ቀና ማድረግ ብቻ ነው ሥራው። ማንን እንደሚመርጥ ደግሞ ምሳ ላይ ተነግሮታል። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ዶቃዋን አውርጄ ወደነበሩበት መለስኳቸው።

ሁሉም እንደተቀመጠ “አባባ፣ እኔም ልያዘው” አልኩ።

“አንቺ ምን ቤት ነሽ?” አሉ አባቴ።

ሰውየው ቀበል አድርጎ ንጹሕ ያልሆነ እጅ ከያዘው ሸምበቆው ይቆጣል አለ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የሰው ሆጃ እየጠጡ የባለቤቱን ልጅ እጅ መጠርጠር አያስኬድም። ሐጂ ሲኒያቸውን አስቀምጠው “እጇ ምን ሆነ?” አሉት። ሰውየው ሸምበቆዎቹን ሰጠኝ።

አባቴ ነጯን እንዲስቡ ለመንኳቸው። ሲስቡ ቀይዋ ወጣች።

“ጉትቻውን የወሰዱት አባባ ናቸው” አልኩ።

ዶቃዋን አውርጄ ለሐጂ አቀረብኩላቸው፤ ወጣች። እትዬ ጥሩነሽ አልነካም ብለው ነበር፤ ለቃሚዎቹ ይሳቡ እንጂ እያሉ አዋከቧቸው። በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጉ ቀይዋ ከሁሉም ፈጥና ወጣች። ያኔ ሐጂ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ግቢውም ተከተላቸው። በመጨረሻ ሞሚናን ጠራኋትና ጫፉን ሳላነሳ ያዝኩላት። ሳበች። ቀይዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አባቴ ሸምበቆውን ተቀብለው ጆሯቸው ሥር አንኮሻኮሹ። “ይኼስ ደርቋል” ብለው በቢላ ሰነጠቁት፤ የእርሳስ ድብልብል መሬት ላይ ወደቀ። ሰውየው ቀሪ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሚኤሶ በሚወርድ መኪና ሄደ። እኔ ደግሞ ያን ቀን አሰበ ተፈሪ በሙሉ የእኔ መሰለችኝ። ሞሚና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እንኳ ፈገግታዬን መሰብሰብ አልቻልኩም።

ጉትቻው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ግን በማግስቱ መጡ፤ በሠርጉ ላይም ከሙሽራዋ ዘመዶች በላይ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን እኔም ሞሚናም አርጅተናል። ሰው መጥቶ እከሌ ሰረቀ፣ እከሊት እንዲህ አደረገች ሲለኝ በምን ታወቀ እላለሁ። በዓይናችን አየን ካሉኝ፣ ይዞ ያሳያችሁ ማን ነው እላለሁ። ልጆቼ ይህ ጥያቄዬ ሰልችቷቸዋል፤ እማዬ ደግሞ ጀመረች ይላሉ። ሞሚናን ግን አንድም ቀን ሰልችቷት አያውቅም።