የጋሼ የሩሲያኛ መዝገበ ቃላት

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካረፉ ሁለት ወራቸው ነው። ሕግ የተማሩት ሞስኮ ነበርና፣ የእንግሊዝኛ የሕግ ቃል ሲገጥማቸው ከዚያ ያመጡትን ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ አያልፉም ነበር።

አምና እዚህ ውጭ አገር፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ያለው የኪራይ ሕንጻችን ሊታደስ ነው ተባለ። የአከራያችን ሰው መጥቶ፣ ለጥቂት ወራት ልቀቁ፣ እዚህ ላይ ፈርሙ አለን።

የልጅ ልጄ፣ "እማማ፣ ሳይን አድርጊው፣ ሰውዬው እየተናደደ ነው" አለችኝ። ብዕሩን አነሳሁ።

"ቆዪ አንቺ!" አሉ ጋሼ። "ይቺን 'ዌቨር' የምትል ቃል ልያት። ሰውዬው ይጠብቅ፤ ሞስኮ በረዶ የበላሁት ለዚች ቀን ነው።"

ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ እሳቸው ገጽ ይገልጣሉ።

"ሩሲያዎቹ 'አትካዝ' ብለዋታል፤ እምቢታ ነው። የእንግሊዝኛዋ ቃል ደግሞ ጥንት ሥሯ ጥሎ መሄድ ነበር። እዚህ የምትጥይው ወደ ቤትሽ የመመለስ መብትሽን ነው። ትፈርሚያለሽ?"

"ሞቼ ነው!" አልኩ። ሳንፈርም ወጣን፤ ታድሶ ሲያልቅም ተመለስን።

ትናንት ሰውዬው ሌላ ወረቀት አመጣ። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም። ሳልፈርም መለስኩት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ደግ አደረግሽ የሚለኝ አጥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።