አባቴ ቀድሞ የወጣበት ጠዋት

አባቴ ደበሳ የሞተር ብስክሌት ነጂ ነበር። መቱ ላይ ለአንድ የቡና ነጋዴ ተቀጥሮ፣ የቡና ናሙና በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት እየያዘ ወደ ጎሬ፣ አንዳንዴም እስከ ቡሬ ይመላለስ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሲመለስ፣ መነጽሩ ካረፈበት ቦታ በቀር ፊቱ ሁሉ ቀይ አፈር ይለብሳል። እናቴ ዲሪቤ ውኃ ይዛ በር ላይ ትጠብቀውና «የማን ባል ነው ይኼ?» ትለዋለች። እሱም ሳይስቅ ስሙን ከነአባቱ ስም ይነግራታል። ይህን ጨዋታ ሲደጋግሙት አንድም ቀን ሰልችቷቸው አላየሁም።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከመቱ እስከ ጎሬ የሞተር እሽቅድምድም ይደረግ ነበር። አንደኛ የወጣው ሰው ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በሚደረገው ትልቁ ውድድር ይሰለፋል። እዚያ ከአስመራ የሚመጡ፣ ሥራቸውም እንጀራቸውም እሽቅድምድም የሆነ ነጂዎች ነበሩ። አባቴ ስለ እነርሱ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እሱ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቷል፤ የሚያልፈው አንድ ብቻ ነበርና።

እኔ ሲወዳደር አይቼው አላውቅም። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈታል፣ ጥቅምት ሲደርስ እኔ ሩቅ ነኝ። በኋላም አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አባቴ እንዴት እንደሚጋልብ የማውቀው እናቴ በክረምት ስታወራልኝ ነው፤ እሷ ደግሞ ግማሹን ዓይኗን ጨፍና ነው የምታየው።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወደ አውቶቡሱ ሊሸኘኝ መጥቶ፣ ሻንጣዬን ጣራው ላይ ካሰረልኝ በኋላ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ነጋዴው ላንድሮቨር ሊገዛ ስለሆነ ሞተሩ ከዚያ ዓመት በኋላ አይኖርም። ሁለተኛው፣ ከአዲስ አበባ አዲስ የማጣሪያ ደንብ መጥቷል፣ ከእኛ አገር ሁለት ሰው ያልፋል። ሁለት ጣቱን አውጥቶ አሳየኝ።

«ኅዳር ላይ ታይኛለሽ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል እንደሚፈልገው አላወቅኩም ነበር።

ደንቡ የተለወጠው ባለፈው ዓመት በደረሰ አደጋ ምክንያት ነው። ነጂዎቹ እንደ ቀድሞው ሁሉም አንድ ላይ ተነሥተው፣ ጠባቡ ድልድይ ላይ መሪ ከመሪ ተያይዞባቸው አንድ ሰው ትከሻው ተሰብሯል። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ በአጭር ጊዜ ጎሬ የደረሱት ሁለቱ ያልፋሉ። ካለፉት አንዱ ቢታመም ሦስተኛው ይተካዋል። ሁሉም እስኪጨርሱ ድረስ መንገዱ ለከባድ መኪና ዝግ ነው። ማን ቀድሞ ይውጣ ለሚለው ግን ደንቡ ምንም አላለም፤ ነጂዎቹ ይስማሙ ተብሎ ተተወ።

ቀጥሎ ያለውን ከእናቴም ከኩማም ሰምቻለሁ። ኩማ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሞተር መንዳት ያስተማረው አባቴ ነው።

የማጣሪያው ዕለት ጠዋት አምስቱ ነጂዎች መቱ ገበያ ጫፍ ላይ ቆሙ። ማታውን ዘንቦ ስለነበር ጉሙ አልተነሣም። ሰዓት ያዡ አቶ ምንዳዬ፣ ሰዓቱን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማን እንደሚጀምር ጠየቀ። በድሮው ውድድር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። በዕድሜ ታላቅ የሆነው ፊት ይቆማል፣ ታናሹ ኋላ ይሰለፋል። የፊት ቦታ ክብርም ጥቅምም ነበር፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ጭቃ ይበላል።

ኩማ ሞተሩን በእጁ ወደ ኋላ ሳበ።

«ጋሼ ደበሳ እያሉ ማን ይቀድማል?» አለ።

ሌሎቹም ተከትለው ወደ ኋላ ሳቡ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው አጨበጨበ። የኩማ አባት አቶ ጅራታ ከሰዉ መሀል ነበሩ፤ ልጃቸው ታላቅ በማክበሩ ደስ ብሏቸው ግራና ቀኝ ያለውን ሰው ያዩ ነበር።

አባቴ መንገዱን ተመለከተ። በዚያ መንገድ ዓመት ሙሉ በማለዳ የሚወጣ እሱ ብቻ ነው። የጎሬ ዳገት ከዛፎቹ ሥር፣ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መኪና ሲመላለስበትና ፀሐይ ስትወጣበት ነው የሚጠነክረው። ዛሬ ደግሞ መኪና የለም። ብቻውን ሰዓት የሚያዝለት ሰው ቀድሞ ወጣ ማለት፣ ለሌሎቹ ጭቃውን ከፈተላቸው ማለት ነው። ኩማ ይህን አላወቀም፤ ጋራዡ የሚከፈተው ረፍዶ ነው።

እናቴ አባቴ አፉን ሲከፍት አይታዋለች፤ መልሶም ሲዘጋው አይታዋለች። ከዚያ ኩማን «እግዜር ያክብርልኝ» ብሎ መነጽሩን አጠለቀ።

በሰዓት ሦስተኛ ሆነ። ከኩማ ጋር የነበራቸው ልዩነት ትንሽ ነበር፤ ያለፉት አንድ ፖሊስና ኩማ ናቸው። አባቴ ጎሬ ላይ የኩማን እጅ ጨብጦ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። የዚያን ቀን እናቴ የማን ባል ነው ይኼ አላለችውም።

በማግስቱ ኩማ እኛ ቤት መጣ። በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ና ግባ፣ ቢሉት ገባ፤ ቁጭ በል ቢሉት ግን እንቢ አለ።

«ጋሼ፣ ዱካዎን አየሁት» አለ።

«የቱን ዱካ?»

«ዳገቱ ላይ። አንድ ጎማ ብቻውን ቦይ ገብቶ ወጥቶ፣ ደግሞ ገብቶ። እኔ ስደርስ ጠንክሮ ነበር። ጭቃ ውስጥ የከተትኩዎት እኔ ነኝ።»

«የሰው ዱካ ስታይ ነዋ አንደኛነቱ ያመለጠህ» አለ አባቴ።

ኩማ አልሳቀም። አሞኛል ብሎ ሊቀር እንደሆነ፣ ደንቡም ሦስተኛው ይተካል እንደሚል፣ ለአቶ ምንዳዬ ዛሬውኑ እንደሚናገር ነገረው።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «እውነቱን ነው፣ አሞታል» አለች። «ገርጥቷል እኮ። እየው።»

«አንቺ ደግሞ።»

«ምን አጠፋሁ? ልጁ ራሱ ታመምኩ አለ።»

አባቴ ኩማን ክንዱን ይዞ በግድ አስቀመጠው። «ከሰው ሁሉ ፊት ቦታ ለቀቅክልኝ» አለው። «አባትህ ቆመው ያያሉ። አይ፣ አላወቅክበትም፣ ያከበርከኝ መስሎህ ገደል ሰደድከኝ ልበልህ? አልኩህ እንበል። ከዚያ በኋላ አንተ ለማን ትነሣለህ?»

ኩማ መሬት መሬቱን አየ።

«አትታመም። ጎማህን ደግሞ ቀይር፣ የኋላው አልቋል።»

ኩማ ሲሄድ እናቴ «ልጅቷስ?» አለችው። አባቴ ውጭ ወጥቶ ምንም ያልሆነ ሰንሰለት ሲያጠብቅ ዋለ።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሰው መሀል ቆሜ ጠበቅኩ። ኩማ በፊቴ አለፈ። ሁለተኛው አባቴ ይሆናል ብዬ ፖሊሱን አየሁ፤ ትከሻው የአባቴ አልነበረም። ሌላ ይመጣል ብዬ መንገዱ ለመኪና እስኪከፈት ድረስ አልሄድኩም። ኩማ ሞተሩን እየገፋ አገኘኝ። የአስመራዎቹ እጅግ ርቀው ቀድመውታል። ስለዚያ አላወራኝም፤ ስለ ጎሬ ዳገት ነው ያወራኝ፣ ሁሉንም፣ ፊቱን ወደ ጎማው አድርጎ።

«ጋሼን ምን ልበላቸው?» አለኝ በመጨረሻ።

ለገና እመጣለሁ፣ ሞተሩ እስከዚያ እንዳይሸጥ ይለምን በለው አልኩት። አባቴ ለራሱ ጉዳይ አሠሪውን ለምኖ አያውቅም ነበር። ለምኖ ጠበቀኝ።

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ከኋላው አፈናጦ ወደ ጎሬ ዳገት ወሰደኝ። ከዛፎቹ በላይ፣ መንገዱ ከሚዞርበት አውርዶኝ፣ የት መቆም እንዳለብኝ በጫማው መሬቱን ጫር አድርጎ አሳየኝና ሞተሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት፣ ዳገቱን ሲይዝ፣ ከፍ እያለ። አቧራው ከዛፎቹ በላይ ሲነሣ አየሁ።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ቡና የጫኑ በቅሎዎች ከላይ እየወረዱ ነበር። እንዳያስደነግጣቸው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከበቅሎ ነጂው ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ይሰማኛል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ እንደገና ስለ ልጆቹ። የመጨረሻዋ በቅሎ ካለፈች በኋላ አስነሥቶ፣ የቀረችውን ትንሽ ዳገት ቀስ ብሎ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ይኸው ነው?» አልኩት።

«ይኸው ነው» አለ። ሣቀ። ዓይኑ ግን በዚያ ቀይ ፊት ውስጥ እኔን ትክ ብሎ ያይ ነበር። «ደግሜ ላሳይሽ?»

አዎ አልኩት። ሞተሩን አዙሮ ቁልቁል ወረደ።