የተዋሰችው ጣባ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ታቦር፣ የበኩር ልጄን የተገላገልኩ ሰሞን። ባለቤቴ ዘመቻ ላይ ስለነበር የምታርሰኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። ጎረቤቴ፣ የጨውና የጋዝ ነጋዴው ሚስት፣ ሙስሊም ናት። አንድ ጧት ትኩስ ገንፎ በጣባ ይዛልኝ መጣች። ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ይንተከተካል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ፣ በእኛ ወግ።

ፈገግ ብዬ ተቀበልኳት። ከደጅ እንደወጣች ግን እህቴን «ለውሻው ስጪው» አልኳት። ሥጋ እንኳ የለበትም፤ ግን የእነሱ ድስት ምን እንደተቀቀለበት ማን ያውቃል ብዬ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ሃይማኖት ሳይለየን እኩል ነን ሲባል እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩትም እኔው ነኝ።

ለልጁ ያመጣችውን ጨርቅ ሳትሰጠኝ ረስታው ኖሮ ወዲያው ተመለሰች። በጓሮ በኩል ስትገባ ውሻው ጣባው ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሯል። ጨርቁን ለእህቴ አቀበለቻት፤ ጎንበስ ብላ ጣባውን አነሳች። «የሰው ዕቃ ነው» አለችና ሄደች።

ከቀናት በኋላ ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን ባልቴት ሊጠይቁኝ መጡ። ገንፎው ጣመሽ ወይ አሉኝ። ዱቄቱም ቅቤውም ከእሳቸው ቤት ነው፤ ጎረቤቴ ዋጋውን ከፍላ፣ በእሳቸው ምድጃ፣ በእሳቸው ድስት አገንፍታው ኖሯል።

«እንዳትጠራጠሪ ብላ ነው እኮ ልጄ። ጣባዬ ግን ከእጇ ወድቆ ተሰበረና አዲስ ገዝታ ተካችልኝ።»

አልተሰበረም ማለት ነበረብኝ። ውርደቴን ሸፍና፣ ጥፋቴን በራሷ ላይ ወስዳልኛለች። እሷ የእኛን ጾምና ፍስክ፣ የምንጠረጥረውን ሳይቀር ታውቃለች፤ እኔ ስለ እነሱ የማውቀው የማልበላላቸውን ብቻ ነበር። አራስ ከቤት አይወጣም እያልኩ ተደበቅሁ፤ ልጄ ክርስትና ከተነሣ በኋላም በደጇ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር።

በዓመቱ እሷም ወለደች። ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ባልቴቷን ጠየቅኋቸው። «ዶሮዋን ከነነፍሷ ውሰጂላት፤ በራሳቸው ሰው እጅ ትታረድ» አሉኝ። የሚባለውንም አስጠኑኝ።

ዶሮዋን ታቅፌ ገባሁና «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» አልኳት። አተኩራ አየችኝና እንድቀመጥ ጋበዘችኝ። ገንፎ ሊቀርብልኝ ሲል እናቷን ጠጋ አድርጋ ከባልቴቷ ቤት ጣባ እንዲዋሱ ስትነግራቸው ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ተይ እባክሽ፣ በራስሽ ጣባ ስጪኝ» አልኳት።

 ልጇን እያስተካከለች፣ ሳትቆጣ፣ «እሽ» አለችኝ። «እኛ ቤት ውሻ የለም።»

አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው በላሁ።