የአባባ አስረስ የፋሲካ ሳህን

በተሰደድንበት አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሕንጻ ባለው አፓርትመንታችን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለማታ ሺፍት ሆቴል ስትገባ የምታስቀምጠኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አባባ አስረስ ዘንድ ነበር። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ቴሌቪዥን ቢኖራቸውም አይከፍቱትም፤ መሸት ሲል ትልቁን መብራት ያጠፉና የጥጉን ብቻ ትተው ተረት ይጀምራሉ። የትኛው ተረት፣ የትኛው የራሳቸው ታሪክ እንደሆነ ያኔ አልለይም ነበር፤ ለመለየትም አልፈልግም።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል፣ ቤታቸው ስገባ ጭስ ሸተተኝ። ምድጃው ላይ የበግ አጥንት እየለበለቡ ነበር። የጭሱ አላርም ሲጮህ ወንበር ላይ ወጥተው በጋዜጣ እያራገቡ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሻማ አበሩና ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ሳህን አስቀመጡ። አጥንቱ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅጠል፣ የተፋቀ ነጭ ሥር፣ ከቀረፋ ጋር የተወቀጠ አፕልና ቴምር፤ ከጎኑ የጨው ውሃና በእጃቸው የጋገሩት ስስ ቂጣ።

«የዛሬውን ተረት በአፍሽ ነው የምትሰሚው» አሉኝ።

ቅጠሉን ጨው ውሃው ውስጥ ነክረው ሰጡኝ፤ በግብፅ ባሪያ የነበሩት ሰዎች እንባ ነው አሉ። የተወቀጠው አፕል ለፈርዖን ጡብ ያቦኩት ጭቃ ነው፤ ጭቃ መጣፈጡ ገረመኝ። ቂጣው ደግሞ፣ ነፃ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ጊዜ ስላላገኙ ነው። ነጩ ሥር ግን እንደ ሰናፍጭ አፍንጫዬን ወጋኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እንዲህ የሚመር ነገር ለምን ይበላል?»

«መራራውን ያልቀመሰ ልጅ፣ አባቶቹ ያዩትን መከራ ተረት ብቻ ይመስለዋል።» የሳህኑን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ቀጠሉ። «እኛ የጎንደር አይሁዶች አገራችን ሳለን ይህ ሳህን አልነበረንም። እዚህ አገር ካሉት አይሁዶች ነው ያየሁት። እኛ ቂጣና በግ ነበረን። እናቴ ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብራ አዲስ ትሠራ ነበር። የአገሩ ሰዎች ሸክላዋን ገበያ ላይ ይሻሙታል፤ እሷን ግን ከደጃቸው አያሳልፏትም።»

ለምን ብዬ ልጠይቅ ስል በሩ ተንኳኳ። እናቴ ነበረች፤ ሥራ ስለቀዘቀዘ ቀደም ብለው ለቀዋት ነው። እየሳቀች ገባችና ጠረጴዛውን ስታይ ቆመች።

«ጋሼ አስረስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፋሲካችን ነው፣ ልጄ። ነይ ቁጭ በይ።»

ሁዳዴው ሳያልቅ «ፋሲካችን» ማለታቸው የማን ፋሲካ እንደሆነ ቀስ እያለች ስትረዳው ፊቷ ላይ አየሁ።

«ልጄን ምን አበሏት?»

«ዱቄትና ውሃ ነው። ከእጄ መብላት ዛሬ አልጀመረችም እኮ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

አባባ አስረስ ሳህኑን አዩ። «ብነግርሽ ልጅሽን ታመጪልኝ ነበር?»

እናቴ ጃኬቴን አንስታ እጄን ይዛ ወጣች። ቤት ስንደርስ አፌን አስጉመጠመጠችኝ፤ ጸበል አጠጣችኝ። ባደገችበት አገር ሸክላ ሠሪዎቹ የእሳቸው ወገኖች ነበሩ፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ልጅ ይበላል ይባል ነበር። እሷም ይህን በልጅነቷ፣ ፍሙ ዳር ተቀምጣ፣ ከምትወዳቸው ሰዎች አፍ ነው የሰማችው። እኔ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ያወቅሁት፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሌላ ሴት ዘንድ ማምሸቴን ብቻ ነው።

ወሬው በሕንጻው ተዳረሰ። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ሊፍት ውስጥ ሳለን አባባ አስረስ ገቡ። አጠገባችን የነበረች ጎረቤት የሕፃኗን ፊት በብርድ ልብስ ሸፈነች። እሳቸው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፤ የመለሰላቸው የለም። እስክንወርድ ድረስ የፎቁን ቁጥር ሲያዩ ቆዩ። ክረምቱ ሳያልቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

አምና ማረፋቸውን ሰምቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ነፍሳቸውን ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ» አለች፣ ከልቧ።

«ታዲያ ለምን?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«እኛም ያመንነው የተነገረንን ነው እኮ» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ተረት ልጅን ያሳድጋል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዝም የምለው ለዚህ ነው። እናቴን ያሳደጋት ተረት አባባ አስረስን ወስዶብኛል። አሁን ልጄን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ከጓዳ ሆኜ ተረት ስትነግረው ከሰማሁ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ ክፉው ሰው ማን እንደሆነ እስክሰማ ድረስ በሩ ሥር እቆማለሁ።