የቬነስ ቀጠሮ

ሓድነት ሰፈር ካለው ቤቴ ፖሊሶች የወሰዱኝ ጠዋት፣ ሻዬን ሳልጨርስ ነው። ቴሌስኮፔንም በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ በሽተኛ ለሁለት ተሸክመው ሄዱ። የገባሁበት ክፍል ለአራት ሰው የሚበቃ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ሆነን ተኛንበት። እርጥብ ሲሚንቶና በረኪና ይሸታል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ አልብሰውኝ «ኣጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ ተገልጧል። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሰማይ ላይ ያየሁትንና ለማየት ያሰብኩትን ከነሰዓቱ የምመዘግብበት ደብተር ነው።

«የነገን ቀን ጽፈሃል» አለ። «ዐሥር ሰዓት፣ ቬነስ ከጨረቃ አጠገብ። ቬነስ ማን ናት? ምን ቀጠሮ አላችሁ?»

«ፕላኔት ናት።»

«ዐሥር ሰዓት ፀሐይ ነው። በቀን ኮከብ ልታሳየኝ ነው?»

«ከፈቀዱልኝ፣ አዎ።»

በማግስቱ በሰዓቱ ወደ ግቢው አወጣኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። ደመናው ቢገለጥ ፀሐይዋ ዓይናችንን እንዳትወጋው ከግንቡ ሥር ቆምን። ሰዓቱን አየ።

«ቀጠሮህ ቀረ» አለ።

ጥቂት ቆይቶ ደመናው ተገለጠ፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ ታየች።

«እጅዎን ዘርግተው ከጨረቃዋ በስተግራ ሁለት ጣት ያህል ይለኩ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አንጋጠጠ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ነጭ ነጥብ» አለ ቀስ ብሎ። «አለች።»

ግንቡን ተደገፍኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ የመፈቻ ወረቀቴን አቀረበልኝ። «የተያዘው ደብተር የኮከብ ቆጣሪ ነው» ይላል። እንድፈርም የሰጠኝን ብዕር መልሼ አስቀመጥኩ።

«ኮከብ ቆጣሪ ጠንቋይ ነው። እኔ የሰው ዕጣ አልናገርም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

«ውጣ ስትባል አትወጣም እንዴ?»

«ይስተካከልልኝና እወጣለሁ።»

መርማሪው ቃሉን ሰርዞ «የሥነ ፈለክ ተመልካች» ብሎ በእጁ ጻፈ። ፈረምኩ።

በሩ ላይ ባለቤቴ ባጃጅ አስቁማ ትጠብቀኝ ነበር። እስከ ቤታችን እጄን ይዛ ሄደች።

ዛሬ ሰዎች ዕድለኛ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ያን ቀን ደመናው ባይገለጥ ኖሮም ቬነስ እዚያው ነበረች፤ እኔም ያው ንጹሕ ሰው ነበርኩ። የሚያምነኝ ግን አላገኝም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ ጠመኔዬን አንስቼ ወደ ክፍል እገባለሁ።