በከዘራ የተለካችው ጂፕ

የልጅ ልጄ ሕሊና መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። ባለፈው እሑድ ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ የሁለት መኪና ፎቶ አሳየችኝ። አንዷ ትንሽ፣ ቀይ፣ እንደ ከረሜላ የምታብረቀርቅ የቤት መኪና ናት። ሌላዋ ከሕሊና ዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት ፎርዊል።

«አባባ፣ እኔ አሮጊቷን ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሥራዬ ገጠር ለገጠር መዞር ነው፤ ዛሬ ደጎሎ፣ ነገ ማሻ። አባዬ ግን ‹ከዚህ ሁሉ መኪና ይቺን?› እያለ ይስቅብኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ቆሜ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ግን ከራሴ አልነበረም።

በሰባዎቹ መጀመሪያ መካነ ሰላም የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ማስረዳት ነፍሴ ነበር፤ ሻይ ቤት ገብቼ እንኳ እንፋሎቱ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ብርጭቆ አላነሳም። ደሴ ጋራዥ የነበረው አጎቴ መንዳት አስተምሮኝ መንጃ ፈቃድ ይዣለሁ፤ ይህ ደግሞ ያኔ በአስተማሪ ኪስ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ደሴ ላይ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከሁለት መኪኖቹ አንዱን የእኛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲወስድ ሲፈቀድ፣ ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ አስጠሩኝ።

«መራጩም አንተ፣ በየቀኑ ይዘህ ትምህርት ቤቶቹን የምትዞረውም አንተ ነህ» አሉኝ። «ሼህ ይማምን ግን ይዘህ ሂድ።»

ሼህ ይማም በቅሎ ነጋዴ ናቸው። ለዓመታት የስድስተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ወደ ቆላዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚደርሰው በእሳቸው በቅሎዎች ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ ግን ወንዙ ሞልቶ ከማዶ ያለችው ትምህርት ቤት ወረቀቱ ሳይደርሳት ቀረ። ፈተናው በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ወንዝ ሞላ ተብሎ አይጠበቅም። ልጆቹ አንድ ዓመት ተቀጡ። ሴቶቹማ አብዛኞቹ ተዳሩ። የሼሁ የልጅ ልጅ ዘሃራ ብቻ፣ አባቷ «አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ አልጠብቅም» ብሎላት ተመልሳ ክፍል ገብታለች። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ወደ ደሴ ስንሄድ የለጋምቦ ደጋ ብርድ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ፣ በማር የለወሱትን በሶ እየቆረሱ ሲያጎርሱኝ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ስለ ዘሃራ አላነሱም።

የፕሮጀክቱ ግቢ ስንደርስ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ነጭ ፒክአፕ፣ ታጥቦ የሚያበራ፣ ካሴት ማጫወቻ ሳይቀር ያለው። ሌላዋ ሸራ ጣሪያዋ የተጣፈ፣ ወንበሯ ሽቦው የወጣ አረንጓዴ ጂፕ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ መሐሉን አሰመርኩ። ዕድሜ፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ የጎማ ሁኔታ፣ ምቾት እያልኩ ነጥብ ሰጠሁ። ነጩ በሰፊ ልዩነት አለፈ። እውነቱን ለመናገር ደብተሩን ሳልገልጥም አልፎ ነበር፤ በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ሙዚቃ ከፍቼ ስነዳው ታይቶኛል።

«ሼህ ይማም፣ በሳይንሳዊ መንገድ ሲታይ ነጩ ይሻላል» አልኳቸው።

እሳቸው ነጩ መኪና ሥር በርከክ አሉ። ንብረት ጠባቂው ሳቁ መጣበት።

«ሼሁ፣ ጥርሱን ሊያዩ ነው እንዴ?»

«ጥርስማ ሻጭ ይሞርደዋል» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ በቅሎ ስገዛ የማየው ኮርቻው ሥር ነው። ታጥቦ የመጣ በቅሎ ደግሞ ወላሂ ገዝቼ አላውቅም።»

ከዘራቸውን አቁመው ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ ለኩና በጣታቸው ያዙት። ከዚያ ጂፗ ሥር ገብተው ያንኑ ለኩ። ጣታቸው ከያዘው በላይ አንድ ስንዝር ተረፈ። ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

«እዚያ ወንዝ መሐል ያለው ድንጋይ እዚህ ድረስ ነው» አሉ በከዘራው እያሳዩኝ። «ነጩ ሆዱ ይተኛበታል። ይቺ ታልፈዋለች።»

«ግን በነጥብ…» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ።

«መምህር፣ ወንዙ ደብተር ያነባል?»

ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ደብተሬን አገላብጬ አየሁት፤ ዕድሜም ነዳጅም ምቾትም አለ፤ ወንዝ የሚል መስመር የለም። አንዲትም ቦታ ላይ ዘሃራ አልተጻፈችም። ነጩን እያየሁ ለጂፗ ፈረምኩ።

ጠባቂው ሲያስረክበኝ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ከፈለግሁ ማርሹን ማስገባት ብቻ እንደማይበቃ፣ መጀመሪያ ወርጄ የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉትን ሁለት ክብ ቁልፎች በእጄ ማዞር እንዳለብኝ፣ ያለዚያ የፊት ጎማዎቹ ኃይል እንደማያገኙ ነገረኝ። ጻፍኩት። አሰመርኩበትም።

መካነ ሰላም ስንገባ ጓድ ታደሰ ጂፗን ዞረው አዩና «ከሁለት መኪና አሮጌውን መርጦ የመጣ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። ከተማው ወዲያው «ባልቴቷ» አላት። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ስታስል ተማሪዎቼ «እግዜር ይማርሽ» ይሏት ነበር። እኔም በየቀኑ እየነዳኋት በየቀኑ ነጩን አስብ ነበር።

ሰኔ ደረሰ። የፈተናው ዋዜማ ጠዋት የታሸገውን ሣጥን ጭነን ከሼህ ይማም ጋር ተነሳን። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ የእርጥብ አፈርና የጦስኝ ሽታ በተቀደደው ሸራ ይገባል። እኔ መንገዱን ሙሉ አራት ጎማ እንዴት እንደሚጎትት እያስረዳሁ ነው። ጠመኔ አውጥቼ ፊት ለፊታቸው ባለው የጂፗ ቆርቆሮ ላይ ሥዕል ሳልኩላቸው። እሳቸው «ኧረ! ኧረ!» ይላሉ።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ጥቁር ዋልካ፣ ሲርስ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነው። የአራት ጎማውን ማርሽ በኩራት አስገባሁ። ጥቂት ሄደን ጂፗ ቀጥ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ከኋላ ጭቃ ትረጫለች እንጂ ንቅንቅ የለም። ቅጠል ቆርጠን አነጠፍን፣ ድንጋይ ደረደርን፤ ይብስ ሰመጠች። ከተራራው በላይ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። እዚያ ላይ ከዘነበ ወንዙ ከቀትር በኋላ እንደሚሞላ ሁለታችንም እናውቃለን። ነጩን ባመጣ ኖሮ የሚል ክፉ ሐሳብ በአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

ሼህ ይማም ወርደው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ቁልቁለት የምትወርድ በቅሎ እንደሚያዩት ጎማዎቹን ትክ ብለው አዩ።

«እስቲ ድገማት» አሉኝ። ደገምኳት።

«መምህር፣ በአራት እግሯ ትሄዳለች ያልከኝ ይቺን ነው?»

«አዎ ሼህ ይማም፣ ማርሹ ሲገባ ኃይሉ ወደ ፊት…»

«እሱን ተወው፤ ሥሎልኛል ጠመኔህ። የፊት እግሮቿ ለምን ተኙ?»

እነዚያ ሁለት ቁልፎች! በቃል የማውቃቸው፣ ደብተሬ ላይ ያሰመርኩባቸው! ስለ ጎማዎቹ ሳስተምር ጎማዎቹን አላየሁም። ከነጫማዬ ጭቃው ውስጥ ዘልዬ ሁለቱንም አዞርኩ። ተመልሼ ነዳጅ ስሰጣት ባልቴቷ አንዴ አጉረመረመች፣ ፊቷን ቀና አደረገች፣ ወጣች። ሼሁ መጥተው ተሳፈሩ። የጠመኔ ሥዕሌንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

ወንዙ ገና መሙላት መጀመሩ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ሆዷ ሥር ውኃው ሲንሿሿ ሰማሁ፤ የድንጋይ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ማዶ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጎርፉ ከኋላችን እንደ ነጎድጓድ መጣ።

በማግስቱ ልጆቹ ከአገሩ ልጅ ሁሉ ጋር በአንድ ሰዓት ጀመሩ። ሼህ ይማም ውጭ ግራር ሥር ተቀምጠው እስኪያልቅ መቁጠሪያቸውን ገፉ። ዘሃራ ስትወጣ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል። «ከበደሽ?» አሏት። «ጊዜ ተረፈኝ» አለች። በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ወደ መካነ ሰላም የመጣችው ሽቦ በወጣው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

ትናንት ከሕሊና ጋር ሄጄ ፎርዊሏን አየሁ። አሁን እኔም ከዘራ ይዣለሁ። ጉልበቴ እንደምንም ታጥፎልኝ መኪናዋ ሥር ከዘራዬን አቆምኩና በጣቴ ያዝኩት። ከዚያ ሕሊናን «ወደ ፊት ንጂያት፣ ቀስ ብለሽ» አልኳትና የፊት ጎማዎቹን ትክ ብዬ አየሁ። ሻጩ ጎረምሳ ሳቁ መጣበት።

«አባባ፣ ምን እየለኩ ነው?»

ሰፊ ማብራሪያ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መሳያ ወረቀትም በኪሴ አለ።

«ወንዝ» አልኩት።